ሦስት መቶ ሠላሳ ግራም በኩባያ

ኩባያ ክብደት አይነግርም። ይህን ለእህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስነግራት ኖሬያለሁ። አንድ ኩባያ ዱቄትና አንድ ኩባያ ማር እኩል ቦታ ይይዛሉ እንጂ ሚዛን ላይ ሲወጡ ጨርሶ አይተዋወቁም። እሷም «እሺ ጋሼ» ትለኝና በሳምንቱ እንዳልሰማች ሆና መልሳ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ እህቴ ነገር የማይገባት ትመስለኝ ነበር። ነገር ያልገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ዓመትና አንድ የአውቶቡስ ትኬት ፈጅቶብኛል።

እኔ አርባ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቀማሚ ነበርኩ። ሐኪም የጻፈውን ቅባትና ዱቄት በግራም፣ አንዳንዴም በግራም ሽራፊ እየመዘንኩ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ በካርቶን መምጣት ሲጀምር ሥራዬ እየሳሳ ሄደ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ሲያሰናብቱኝ አሮጌውን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከነመመዘኛዎቹና ከነወረንጦው ሰጡኝ። ለሌላው ሰው ሰዓት ይሰጣሉ። እኔ ግን ቅር አላለኝም፤ ሰዓቱን ለማን ብዬ አየዋለሁ? ትዳር እንደሆነ ዛሬ ነገ ስል ፀጉሬ ቀድሞኝ ሄዷል። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት ባለው ቤት ነው። መስኮቴ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። የሕንፃው ሰዎች «ባለሚዛኑ» ይሉኛል፤ ሰላም የሚሉኝ ግን ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ከተገጣጠምን ብቻ ነው።

እህቴ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ልጆቻቸው አድገው፣ ኑሯቸውን ይዘው ርቀው ሄደዋል። እናታችን ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ እኔና እህቴ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ነበር። አልተጣላንም። ግን እኔ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ እናታችን ከእኔ ይልቅ እሷን ትወድ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ መድኃኒት ቤት ጠርሙስ እንዳጥብ ተልኬ፣ እሷ ትምህርቷን ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ከእናታችን ጋር የኖረችውም እሷ ናት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ብቻዬን ሳብሰለስለው ሃምሳ ዓመት አለፈ።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ሦስት መቶ ሠላሳ ግራም ዱቄት በኩባያ ስንት ይሆናል?»

ኬክ መጋገር እንደጀመረች፣ ያገኘችው መጽሐፍ ሁሉን ነገር በግራም እንደሚናገር፣ እሷ ግን ሚዛን እንደሌላት ነገረችኝ። እኔ የጠየቅኳት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በየትኛው ኩባያ? ምክንያቱም ሰው ሁሉ ኩባያ ይላል እንጂ የአንዱ ቤት ኩባያ ከሌላው ቤት ኩባያ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። እሷም «የእማዬ ኩባያ ነው ያለኝ» አለች። ደስ አለኝ። የእማዬ ኩባያዎች ሁለት ነበሩ፤ ነጭ የብረት ኩባያ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። ልጆች ሳለን አንዱ የእኔ አንዱ የእሷ ነበር። እማዬ ማታ ማታ ወተት እስከ አፋቸው ሞልታ «ይኸው፣ እኩል ነው፤ እንዳትጨቃጨቁ» እያለች ታቀርብልን ነበር። ቤቷን ስናፈርስ እህቴ የእኔን አንስታ «ያንተን ውሰድ» ብላ ሰጠችኝ። ስለዚህ እሷ የያዘችው ኩባያ መንትያው ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«ቆይ» ብዬ ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ዱቄት ነፍቼ ኩባያውን ሞላሁ፤ አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክዬ መዘንኩ። መቶ ስልሳ አምስት ግራም። ሁለቴ ደገምኩት፤ ያው ነው። ስልኩን አንስቼ «ሁለት ኩባያ» አልኳት። «የተነፋ፣ ያልተጠቀጠቀ። ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ብታደርጊው ሃያ ግራም ይጨምርብሻል፤ እንዳታደርጊው።» እሺ ጋሼ አለች። ዘጋሁት። እንዴት ነሽ እንኳ አላልኳትም፤ ያኔ ግን አልታወቀኝም።

በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ስለ ስኳር ደወለች። ቀጥሎ ስለ ማር፣ ከዚያ ስለ ካካዋ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ሩዝ ዱቄት። እኔም ነገሩን አጥብቄ ያዝኩት። ዓርብ ዓርብ ሱቅ እየወረድኩ ልትጠይቀኝ ትችላለች ያልኩትን ሁሉ በትንሽ በትንሹ እየገዛሁ አስቀድሜ መመዘን ጀመርኩ። ባለሱቋ «ጋሼ፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ስንት ሰው ነው እቤት የደበቁት?» ትለኛለች። እኔም ኮስተር ብዬ «ሥራ ነው» እላለሁ። ወጥ ቤቴ በማርማላታ ጠርሙሶች ተሞላ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌ ስሙንና የአንድ ኩባያ ክብደቱን ጻፍኩበት። ስኳር ሁለት መቶ ስልሳ። የተፈጨ ስኳር መቶ ሰባ አራት። ካካዋ መቶ ሠላሳ። ዘይት ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት። ማር አራት መቶ አርባ፤ እሱን ስመዝን የፈሰሰውን ለማጠብ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ደብተርም ነበረኝ፤ ሙሉውን፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ የተነፋውንና ያልተነፋውን ለየብቻ የጻፍኩበት። በአርባ አንድ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ደብተር የተጠነቀቅኩለት ነገር የለም።

አሁን ምን እደብቃለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጢሜን እላጭ ነበር። በስልክ ማንም አያየኝም። ቢሆንም ታጥቤ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የምናወራው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሌላው ቅዳሜ ድምፄን የምሰማው ሱቅ ስሄድ ብቻ ነው። አንዳንድ ረቡዕ ከአፌ ምንም ቃል ሳይወጣ ይመሽና፣ ጉሮሮዬ መሥራቱን ለማየት ያህል ቁጥሮቹን ከደብተሩ ላይ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው አማቼ፣ የእህቴ ባል ማለቴ ነው፣ ለዓይን ሕክምና ወደ እኛ ከተማ መጣ። እሱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስኳር በሽታ አለበት፤ በሽታው አሁን ዓይኑ ላይ ወጥቶበታል። ሐኪም ቤት ጨርሶ ሲወጣ ቤቴ ምሳ ጋበዝኩት፤ ሩዝና የተቀቀለ ድንች። በቀረችው የማየት አቅም ወጥ ቤቴን ቃኘና «ጋሼ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ለሚስትህ ነው» አልኩት፤ ኩራቴ ሳይታወቀኝ ድምፄ ውስጥ ገባ። «ሚዛን ስለሌላት በኩባያ እያሰላሁላት ነው።»

«ኧረ አላት!» አለ፤ ቅን ሰው ነው፣ ነገር መደበቅ አያውቅም። «እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁላት፤ ባለ ባትሪውን። ከመጽሐፉ ጋር አንድ ቀን ነው ያመጣሁላት። ሁለት ዓመት አልፎታል።»

ሩዙን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ምን እንዳወራን አላስታውስም። እሱ ደረጃውን እየዳበሰ ሲወርድ ቆሽቴ አርሮ ነበር። እንግዲህ እህቴ ለሽማግሌው ሥራ ሰጥታው ኖሯል። ሥራ የፈታ ሰው ሲያሳዝናት ጊዜ፣ ትንሽ ነገር ይያዝ ብላ። እኔ ዓርብ ዓርብ በዱቄት ተለውሼ ሩብ ግራም ሳስተካክል፣ እሷ ጓዳዋ ውስጥ ሚዛኗን ቁጭ አድርጋ «እሺ ጋሼ» ትለኛለች። የተሳለቀችብኝ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ከመሳለቅ የባሰ ነው የመሰለኝ፤ ያዘነችልኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ስለ በቆሎ ዱቄት ልትጠይቀኝ ገና ስትጀምር አቋረጥኳት።

«ሚዛን አለሽ» አልኳት።

በዚያ በኩል ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ባልሽ ነግሮኛል። ሚዛን እያለሽ ለምንድን ነው የምታደክሚኝ? መጫወቻሽ ነኝ? የምሠራው ያጣሁ መስዬሽ ነው? አርባ አንድ ዓመት ሰው እንዳይሞት የመዘንኩ ሰው ነኝ እኮ እኔ!»

ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ስለ እናታችን ሳይቀር አነሳሁ፤ ያ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ምን አገናኘው? አፌ ከተከፈተ መመለስ አያውቅም። ስጨርስ በስልኩ ውስጥ የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ቧንቧ ከፍታ የረሳች ይመስለኛል።

«እሺ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ከእንግዲህ አላደክምህም።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልደወለችም። ተገላገልኩ አልኩ። ጢሜንም አልተላጨሁም። በሁለተኛው ቅዳሜ ስልኩን አንስቼ መሥራቱን አየሁ፤ ይሠራል። በሦስተኛው ቅዳሜ ቁጥሯን አንድ አሃዝ እስኪቀረኝ መትቼ ዘጋሁት፤ ደግሜ መታሁ፣ ደግሜ ዘጋሁት። ምን ልበላት? እሷ ስትደውል ጥያቄ ይዛ ነበር። እኔ ለመደወል የሚያስፈልገኝ አንድ የማላውቀው ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ግን ያልተመዘነ ነገር አልተረፈም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም መልስ ተለጥፎባቸዋል።

ብቸኝነት የሚሉትን ነገር ያን ሰሞን አወቅኩት። ከዚያ በፊት ብቻዬን እኖር ነበር እንጂ ብቸኛ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ለካ አራቷ ደቂቃ ናት ሳምንቱን ሙሉ ተሸክማው የነበረችው። ዓርብ ዕለት ሱቅ ወረድኩና አንድ ዳቦ ብቻ ስገዛ ባለሱቋ አየት አድርጋኝ «ጋሼ፣ ታመዋል እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አልወጣም።

አማቼ ለሌላኛው ዓይኑ በወሩ ተመልሶ መጣ። ስለ እህቴ ቀጥታ መጠየቅ አቃተኝና «ኬኩስ እንዴት ነው?» አልኩት።

መጋገሩን ትታዋለች አለኝ። እያመነታ ቆይቶም፣ ይቅር ይበሉኝና ኬኩ ድሮም ቢሆን ኬክ አልነበረም አለ። ስኳር ስላለበት የሚቀምሰው ጥፍር የምታህል ነው። ያቺኑም ለመዋጥ ይቸግራል፤ ቅቤው በእጅ ላይ ይቀራል፣ ሲያኝኩት እንደ ጎማ ይለመጣል፣ ሽታው የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር።

ደሜ ፈላ። የእኔ ቁጥር አይሳሳትም። ስንት እንቁላል ትጨምር እንደነበር ጠየቅኩት፤ መጽሐፉ እንዳለው አራት። ቅቤውንስ? እሱማ የታሸገ ነው፤ ክብደቱ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። አማቼን ሸኝቼ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀመጥኩ። በኩባያ የሚለካው ሁሉ ቢያንስ፣ እኩል ያንሳል፤ ኬኩ ትንሽ ይሆናል እንጂ አይበላሽም። እንቁላልና የታሸገ ቅቤ ግን በኩባያ አይለኩም፤ እነሱ ባሉበት ይቀራሉ። ኬኩ እንቁላል እንቁላል ከሸተተና ቅቤው ከበዛበት፣ ዱቄቱና ስኳሩ ጎድሏል ማለት ነው። እኔ ሁለት ኩባያ ስላት ሁለት ሙሉ ኩባያ ካደረገች ደግሞ ሊጎድል የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የእሷ ኩባያ ከእኔ ኩባያ ካነሰ።

ግን መንትያ ናቸው። እኩል ነው ብላናለች እማዬ።

ቅዳሜ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ረቡዕ ጠዋት ሚዛኔን በጫማ ካርቶን፣ ኩባያዬን በፎጣ ጠቅልዬ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የምሄደው ስህተት ላጣራ ነው። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ከደረጃዬም አልወርድም ነበር።

እህቴ በሩን ስትከፍት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ? ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም። ኩባያሽን አምጪ።»

ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አማቼ ሳሎን ውስጥ ዓይኑ ታሽጎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ወጥ ቤቷ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ ኦቨኑ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ተቀምጦበታል፣ ብዙ ቀን እንዳልተከፈተ ያስታውቃል። ኩባያዋን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔም የእኔን ፈትቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፤ አንድ ዓይነት ናቸው። ግን ጎን ለጎን ሲቆሙ የእሷ በአንድ ጣት ታጥራለች። እኔ እንዲህ ሆነው ያየኋቸው ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዓይኔ ወተቱ ላይ ነበር።

የእኔን ውሃ ሞላሁና ወደ እሷ ገለበጥኩ። ሞላች፤ ሞልታ ፈሰሰች፤ ጠረጴዛውን አርሶ ወደ ወለሉ ወረደ። ሚዛኔን አውጥቼ ሁለቱንም መዘንኩ፤ ማመን ስላቃተኝ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመዘን ነገር አልነበረም። የእኔ ሦስት መቶ አሥር ግራም ውሃ ይይዛል። የእሷ ሁለት መቶ አርባ አምስት። ሙሉ ሁለት ዓመት በሌላ ሰው ኩባያ ሳሰላላት ኖሬያለሁ።

እህቴ ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን ትወለውላለች። አልደነገጠችም።

«ያንተ ትልቁ ነው» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ። አንድ ቀን አንተ ሳትኖር ባንተ ኩባያ ውሃ ሞልቼ ወደ እኔው ገለበጥኩ። እንዳሁኑ ፈሰሰ። እማዬ ደረሰችብኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«'ለእሱ እንዳትነግሪው' አለችኝ። 'ካወቀ ትልቁን ይሰጥሻል፤ እሱ ደግሞ ማደግ አለበት።'» ጨርቁን ጨመቀችና ቀና ብላ አየችኝ። «ትሰጠኝ ነበር?»

እሰጥሽ ነበር ማለት ፈልጌ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጎደለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ስኖር፣ የሚበልጠው በእጄ ስለነበር ለመለካት ምክንያት አልነበረኝም። አንገቴን ደፋሁ።

«አላውቅም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ውሸት ባለመናገሬ ደስ ያላት መሰለኝ፤ ወይም ደክሟት ይሆናል።

ቢሆንም ነገረኛነቴ አለቀቀኝም። ኬኩ ሲበላሽ አላየሽም ወይ አልኳት። አይቻለሁ አለች። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መበላሸቱን፣ በምን እንደሚበላሽም አውቃለች፤ ኩባያው ማነሱን ረስታ አታውቅም። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ በሁለት ደቂቃ አስተካክልልሽ ነበር እኮ አልኳት።

«እሱማ ታስተካክለዋለህ» አለች። «ካስተካከልከው በኋላስ ምን ብዬ እደውልልሃለሁ?»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አማቼ እንዳይሰማ ይሁን፣ ወይ ንዴቱ ስላለቀ ይሁን፣ አላወቅኩም።

«ኬኩን ማን ይበላዋል ብለህ ነው? ባሌ ስኳር አለበት። ልጆቹ የሉም። ለጎረቤት እሰጣለሁ፤ ጎረቤቴ ለዶሮዎቿ ትሰጣለች፤ ሳያት እንዳላየሁ እሆናለሁ። ለማን እንደምጋግር አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አልጠየቅኳትም።

«አምና እጄ ተሰብሮ ነበር። ቀኙ። ሁለት ወር በጄሶ ታስሮ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ወር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደውዬልሃለሁ። ስለ ካካዋ፣ ስለ ዘቢብ፣ ስለ ሩዝ ዱቄት ጠይቄሃለሁ። በአንድ እጅ ማን ይጋግራል ጋሼ? ስልኩን ስታነሳ 'እህ፣ ዛሬ ምንድን ነው?' ትላለህ። እኔም ምንድን ነው ስትለኝ፣ ምን ልበልህ፣ ካካዋ እላለሁ።»

ደብተሬ ትዝ አለኝ። ካካዋ፣ መቶ ሠላሳ ግራም። የመዘንኩበትን ቀን ሳይቀር ጽፌበታለሁ። እሷ እጇ ተሰብሮ ስልክ ይዛ ስትጠብቅ እኔ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በብሩሽ እየሰበሰብኩ ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ። እጇን ያዝኩት፤ የቱ ጋ እንደተሰበረ አሳይኝ አልኳት። አሳየችኝ። አጥንቱ ትንሽ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው።

ሻይ አፈላች። ሦስታችንም ሳሎን ውስጥ ጠጣን። አማቼ ስለ ድሮ መንገዶች አወራ። እሷ ትንሽ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አውቶቡሱ መሄድ ነበረብኝ። እደር ብትለኝ አድር ነበር፤ እሷ ደግሞ ልደር ብላት ታሳድረኝ ነበር መሰለኝ። ሁለታችንም አላልንም። በሩ ላይ ካርቶኔን እያቀበለችኝ ሳለ «ቅዳሜ እኔ እደውላለሁ» አልኳት።

«ምን ልትጠይቀኝ?» አለችኝ።

እስክመልስ አልጠበቀችም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀናት አላለቁልኝም። ዓርብ ሱቅ አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምላትን ወረቀት ላይ ልጽፍ ሞከርኩ፤ የጻፍኩት ሁሉ የሐዘን ደብዳቤ እየመሰለ አስቸገረኝ፤ ቀደድኩት። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ደወልኩ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«አቤት ጋሼ» አለች፤ እኔ እስክጠይቃት እየጠበቀች ነው።

«ቁርስ በላሽ?» አልኳት።

በሕይወቴ ለሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አቅርቤ አላውቅም፤ ራሴ አፈርኩበት። በዚያ በኩል አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«አልበላሁም» አለች። «ስልክ ስጠብቅ ነበር። አንተስ?»

«እኔም አልበላሁም።»

ሂጂ እንግዲህ ብዪ አልኳት። አንተም ሂድና ብላ አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እሷም እሺ አለች። ከመካከላችን ስልኩን የዘጋ ግን አልነበረም።